«ልውጣ» የሚለው ቃል በምን ይነገር? ምልክት፣ ዕቃ፣ ሥዕል፣ ቁልፍ ወይስ ስልክ

ወንድሜ አፉን አልፈታም። ዛሬ ጢም ያወጣ ሙሉ ሰው ነው፤ ቁመቱ የበሩን መቃን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው፤ እጁም ከባድ ነው። ያ እጅ ለዓመታት ሲያርፍ የኖረው በራሱ ጆሮ ግንድ ላይ ነበር።

ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቤታችን ቡና ተፈልቷል። ጎረቤት ሞልቷል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ወንድሜ አንዴ ይመታል። ይደግማል። ሦስተኛው ላይ እማዬ ተነስታ «አብሽር የኔ ልጅ፣ አብሽር» እያለች ክንዱን ይዛ ወደ ደጅ ታወጣዋለች። ደጅ ላይ ጦሳ ተራራን እያየ ዝም ይላል። እኛም «ተነስቶበት ነው፣ ነፋስ ሲያገኘው ይተወዋል» እያልን ኖርን። አንዲት የሳይካትሪ ነርስ ናት «ከመምታቱ በፊት ምን ነበር? ከመታ በኋላስ ምን አገኘ?» ብላ የጠየቀችን። መልሱ ዓይናችን ሥር ነበር። በፊት ሁካታ ነበር፤ በኋላ ደጁን አገኘ። ልጁ «ልውጣ» ነበር የሚለን። የሚያውቀው ቃል ቡጢ ብቻ ስለነበረ በቡጢ ይናገራል።

ይህን የምጽፈው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለበት፣ ራሱን የሚመታ፣ የሚነክስ ወይም ጭንቅላቱን ከግድግዳ የሚያጋጭ አዋቂ ሰው ቤታቸው ላለ የወሎ ቤተሰቦች ነው። የማነጻጽረው በቡጢው ፋንታ ልናስተምራቸው የምንችላቸውን የመናገሪያ መንገዶች ነው። ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር፦ የሚሻለው መንገድ ከቡጢው የሚቀለውና ቤት ያለ ሰው ሁሉ ወዲያው የሚመልስለት ነው። ዋጋው መወደዱ ምንም አይጨምርለትም።

ቡጢው ምን እያለ ነው?

መንገዱን ከመምረጣችሁ በፊት የምታስተምሩትን ቃል እወቁት። አንድ ደብተር ግዙና ገጹን ለሦስት ክፈሉት፦ ከመምታቱ በፊት ምን ነበር፣ እሱ ምን አደረገ፣ ከዚያ እኛ ምን አደረግን። ሁለት ሳምንት ሳትታክቱ ጻፉ። አስታማሚዋ መጻፍ የማትችል ከሆነ ትንገርና ተማሪ ልጅ ይጻፍላት። ሰዓቱም ይጻፍ። እኛ ቤት ትልቁን ነገር ያሳየን ሰዓቱ ነው። በረመዳን ወንድሜ ባይጾምም ቤተሰቡ ጾመኛ ስለሆነ ቁርሱ ይዘገይበት ነበር፤ የጠዋቱ ምት የሚብሰውም በዚያ ወር ነበር። በዐቢይ ጾም ክርስቲያን ጎረቤቶቻችሁ ቤትም ተመሳሳይ ነገር ሊታይ ይችላልና የወሩን ስምም ጻፉት።

ይህን አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ኤድዋርድ ካር እና ማርክ ዱራንድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የዕድገት ውስንነት ካለባቸው አራት ልጆች ጋር ሠሩ። ትኩረት ሲያጡ ለሚረብሹት «ጥሩ እየሠራሁ ነው?» ብለው መጠየቅን፣ ትምህርቱ ሲከብዳቸው ለሚረብሹት ደግሞ «አልገባኝም» ማለትን አስተማሯቸው። ቃሉ ከምክንያቱ ጋር ሲገጥም ረብሻው በጣም ቀነሰ። ከምክንያቱ ጋር የማይገጥም ቃል ሲማሩ ግን የተለወጠ ነገር የለም። እኛም በዚሁ ተሳስተናል። መጀመሪያ ያስተማርነው «ዳቦ» የሚለውን ነበር። ወንድሜ ዳቦውን ተቀብሎ ይበላና እጁን መልሶ ወደ ጆሮው ግንድ ይሰድዳል። የጠየቀው ዳቦ አልነበረማ።

እ.ኤ.አ. በ1994 ብራያን ኢዋታና ባልደረቦቹ ራሳቸውን የሚጎዱ የ152 ሰዎችን ሁኔታ አንድ በአንድ መርምረው ያወጡት ውጤት ለዚህ ጥሩ ካርታ ነው። 38.1 በመቶው የሚመቱት ከሥራ፣ ከሰው ወይም ከሚያስጨንቅ ነገር ለማምለጥ ነበር። 26.3 በመቶው የሰው ትኩረት፣ ምግብ ወይም ዕቃ ለማግኘት ነው። 25.7 በመቶው ግን ሰው ኖረም አልኖረም የሚመቱት ሰውነታቸው ውስጥ ከሚሰማቸው ስሜት የተነሳ ነበር። ስለዚህ ከሦስት ሰው በሁለቱ ገደማ ምቱ የሚነገረው ለሌላ ሰው ነው። ለሌላ ሰው የሚነገር ነገር ደግሞ በሌላ ቋንቋ ሊነገር ይችላል።

ቃል የማይፈታው ምት

የጥርስ ሕመም ካለ ከእነዚህ መንገዶች አንዱም አይሠራም። ጆሮው የመገለ፣ ሆዱ የደረቀ፣ ጨጓራው የሚያቃጥለው ሰው ሕመሙ እስኪለቅቀው ይመታል። ስለዚህ ቀድሞ ያልነበረ ምት በድንገት ከጀመረ፣ ወይም የሚመታበት ቦታ ከተቀየረ፣ ደብተር ሳትገዙ ጤና ጣቢያ ሂዱና ጆሮው፣ ጥርሱና ሆዱ ይታይ። ስለ ሴቶች አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ በእፍረት የሚታለፍ ነው። አንዲት ጎረቤታችን የልጇ ምት በወር ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ብቻ እንደሚብስ ያየችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የወር አበባ ሕመም ነበር። በሐኪም ምክር የታዘዘ ማስታገሻ በጊዜው መስጠት ሲጀመር ከቀኖቹ አብዛኞቹ ሰላም ሆኑ።

ዓይኑን የሚመታ ሰው ካለም ጊዜ አትስጡት። ፊት ላይ የሚደጋገም ምት የዓይኑን የውስጥ ሽፋን፣ ሬቲናን፣ ሊያላቅቀውና ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ጭንቅላቱን ከመታ በኋላ ያስታወከ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያለው፣ ወይም አካሄዱ የተለወጠ ሰው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይወሰድ።

ብቻውን ሆኖም፣ ሌሊትም፣ ተደስቶም ሳለ በተመሳሳይ ሁኔታ የሚመታ ከሆነ ደግሞ ምቱ ለእናንተ የተላከ መልእክት ላይሆን ይችላል። ያኔ የተግባቦት ሥልጠናው ብቻውን አይበቃም፤ እጁ የሚይዘው ሥራ፣ የሚወደው ስሜትና የባለሙያ እርዳታ አብሮ ያስፈልጋል።

ቡጢውን መብለጥ አለበት

ቡጢ ፈጣን ነው። ማንም ሰው ይረዳዋል፣ ከሌላ ክፍልም ይሰማል፣ መልሱም ወዲያው ይመጣል። የምታስተምሩት ምልክት ከዚህ ጋር ነው የሚወዳደረው። ሮበርት ሆርነርና ኤች. ማይክል ዴይ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ሥራ ላይ አንዱ ተማሪ ዕረፍት ለመጠየቅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በእጅ ምልክት እንዲያሳይ ሲጠበቅበት ወደ ድሮ ጠባዩ ይመለስ ነበር፤ በአንድ ምልክት «ዕረፍት» ማለት ሲበቃው ግን ምልክቱን መረጠ። የሰው ተፈጥሮ ነው፤ የቀለለው ይመረጣል። በተለይ ለአዋቂ፤ ልጅ ሁለት ዓመት ከመታ፣ አዋቂው ሃያ ዓመት መትቷል፤ ሃያ ዓመት ሙሉም ቡጢው ሠርቶለታል።

እንግዲህ አምስቱን መንገዶች በዚህ መዝኗቸው።

እጅ

የእጅ ምልክት ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቤት ተረስቶ አይቀርም፣ ባትሪውም አያልቅም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ሲደርስብን ብዙዎቻችን ደሴን ለቅቀን የወጣነው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው። መብራትም ስልክም የለም። በዚያ መንገድ ላይ፣ ሰው በሰው ላይ በተጫነበት መኪና ውስጥ፣ ወንድሜ መዳፉን ደረቱ ላይ ሲያሳርፍ እማዬ «ውሃ» ማለቱ መሆኑን አወቀች። ከሌሎቹ መንገዶች አንዱም እዚያ አይደርስልንም ነበር። መዳፍ ደረት ላይ ሲያርፍ ሌላም ጥቅም አለው፤ ያ እጅ በዚያች ቅጽበት ጆሮ ግንድ ላይ ሊሆን አይችልም።

ድክመቱ የሚታየው ቤት ያልለመደ ሰው ሲመጣ ነው። አጎት ከባቲ ለሰኞ ገበያ ያመጣውን ሸጦ አዳሩን እኛ ጋ ቢያደርግ መዳፍ ደረት ላይ ሲያይ ሰላምታ ይመስለዋል፤ እሱም መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ይመልስለታል። ወንድሜ ውሃ እየጠበቀ ሰላምታ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። ጣቶቹ የማይታዘዙለት ሰው ላይም የእጅ ምልክት ይደባለቃል፤ ሦስቱ ምልክት አንድ መስሎ ይቀራል። የሚሻለው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ፣ በሙሉ ክንድ የሚሠሩ ምልክቶችን መያዝ ነው።

ዕቃ

ሥዕል ምን እንደሆነ የማይገባው ሰው አለ፤ የሲኒ ፎቶ ለሱ ወረቀት ነው። ሲኒው ራሱ ግን ቡና ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ዕቃ የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን።

ለ«ልውጣ» ዕቃ ስንፈልግ አባቴ ከዘራውን አሰበ፤ ወሎ ውስጥ ከዘራ ያነሳ ሰው ሊወጣ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። ራሱን በሚመታ ሰው እጅ ዱላ ማስያዝ ስለማይሆን ተውነው። የተስማማነው በኮፍያው ላይ ነው። ለጁምዓ የሚያደርጋት ነጭ ኮፍያ ነበረችው፤ በሩ አጠገብ፣ በእጁ ልክ፣ ሚስማር ላይ ሰቀልናት። ሁካታ ሲነሳ፣ ገና ትከሻው ሲወጠርና እጁ ከጉልበቱ ሲላቀቅ፣ ከኋላው የተቀመጠችው እኅቴ ቃል ሳትናገር ክንዱን ወደ ኮፍያዋ ትመራለች። ኮፍያዋን ይዞ ወደ እማዬ ሲዘረጋ እማዬ «ልውጣ አልክ? እንውጣ» ብላ ኮፍያዋን ራሱ ላይ አድርጋለት ይወጣሉ። ቡናው ቢፈላም፣ እንግዳ ቢኖርም ይወጣሉ። መጀመሪያ ላይ በቀን ከአሥር ጊዜ በላይ ወጥተዋል። ከጊዜ በኋላ የእኅቴ እጅ ቀለለ፤ መንካት ብቻ ሆነ፤ ከዚያ እሱም ቀረ። አንድ ቀን ማንም ሳይነካው ራሱ ተነስቶ ኮፍያዋን አወረደ። እማዬ ያን ቀን አልቅሳለች።

ስለ ኮፍያዋ የምወድላት ሌላው ነገር ክብሯ ነው። ጎልማሳ ሰው ኮፍያ ይዞ ቢታይ ማንም «ምን ሆኖ ነው» አይልም። የአሻንጉሊት ሥዕል ይዞ ቢታይ ግን የሰፈር ልጅ ይስቅበታል። እንግዳም ቢሆን ሳይነገረው ይረዳዋል። የዕቃ ድክመት ብዛት አለመቻሉ ነው፤ «ራሴን አሞኛል» የሚለውን በምን ዕቃ ትሉታላችሁ? ስለዚህ ሕመም በእጅ ምልክት፣ መውጣት በኮፍያ ሆኖ እኛ ቤት ሁለቱ ተጋብተው ይኖራሉ።

ሥዕል

ሥዕል የሚለይ ሰው ካላችሁ ከዕቃ ይልቅ ሥዕል ሩቅ ይወስዳችኋል። እ.ኤ.አ. በ1985 አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት የጀመሩት የሥዕል ልውውጥ ዘዴ ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ የመጀመሪያው ለቤታችን በጣም ይመቻል። ሁለት ሰው ይፈልጋል፦ አንዱ የሚፈለገውን ነገር ይዞ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ ዝም ብሎ እጁን ይመራል። ከፊት ያለው ሰው «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ጥያቄ የለመደ ሰው ሳይጠየቅ መናገር ይከብደዋልና። የወሎ ቤት ደግሞ ሁለት ሰው አያጣም። የአክስት ልጅም ቢሆን ከኋላ ሊቀመጥ ይችላል።

ፎቶውን የራሱን ነገር አንሱ፤ የራሱን ሲኒ፣ የራሱን ፍራሽ፣ የግቢያችሁን ደጅ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ፎቶ ቤት ታትሞ ላሚኔት ሲደረግ የክረምቱን እርጥበት ይችላል። ካርዶቹ የሚሰወሩበት ቦታ ግን ብዙ ነው፤ ምንጣፍ ሥር፣ ሶፋ ሥር፣ የሕፃን አፍ ውስጥ። ሁለት ሁለት ቅጂ አሳትሙ። ከአምስት ካርድ በላይ በአንዴ አታውጡ።

ቁልፍ

ሲጫኑት የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማ ቁልፍ አለ። ጎልቶ ይሰማል፤ ከወጥ ቤትም ይሰማል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገበያችን ላይ በቀላሉ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ይላክላችሁ። ድምፁን በዕድሜው የሚመጥን ወንድ ይቅዳለት እንጂ ሕፃን አይቅዳለት። ቤቱ በሚናገረው ቋንቋም ይሁን፤ ከሚሴ አካባቢ ኦሮምኛ፣ ዋግ ኽምጣና። አንድ ቁልፍ አንድ ቃል ብቻ መሆኑን አትርሱ።

ስልክ

ወጣቶች መጀመሪያ የሚጠቁሙት ይህን ነው። ሥዕል ሲነካ የሚናገር መተግበሪያ ብዙ ቃል ይይዛል፣ የራሳችሁን ድምፅም መቅዳት ይቻላል። ማንበብ ለሚችል ወይም ሃያ ሠላሳ ሥዕል ለሚለይ ሰው በእውነት አፍ ይሆነዋል። ለጀማሪ ግን አልመክረውም። ስልኩን መክፈት፣ መተግበሪያውን መፈለግ፣ ሥዕሉን ማግኘት ሦስት ደረጃ ነው፤ ቡጢው አንድ ነው። መብራት በጠፋበት ቀን አፉ አብሮ ይጠፋል። ስልኩ ቪዲዮም ካለው፣ ልጁ ስልኩን ሲያይ የሚያስበው ቪዲዮውን ነው። የምትገዙ ከሆነ ሌላ ምንም የሌለበት፣ ለንግግር ብቻ የተመደበ ይሁን፤ ሊጥለው ወይም ሊሰብረው እንደሚችልም አስባችሁ ግዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። ረዳት እጁን ወይም ክርኑን ደግፎ ፊደል እያስነካ «ይኸው ጻፈ» የሚባልበት ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተደጋግሞ ተፈትኖ የሚጽፈው ረዳቱ ሆኖ ተገኝቷል። ረዳቱ ሳያውቀው ነው የሚያደርገው፤ ክፋት የለበትም። ወንድማችሁ ግን ያኔም ዝም እንደተባለ ነው።

እስከ ቶና መጠበቅ

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። ምልክቱ በሠራ ቁጥር ወዲያው መልሱለት፤ ቀን ሙሉ ቢጠይቅም። ቡጢው እንደ ድሮው ደጁን ሳያስገኝለት ሲቀር ለጥቂት ቀናት በርትቶ ሊመታ ይችላል፤ ያኔ ብዙ ቤተሰብ «ይኸው ባሰበት» ብሎ ይተዋል። ተስፋ አትቁረጡ፤ ነገር ግን ጭንቅላቱን የሚመታን አዋቂ «አላየሁህም» ብላችሁ አትተዉት። ትራስ ወይም ጋቢ በእጁና በጭንቅላቱ መካከል አስገቡ፣ ፊታችሁ ሳይቆጣ፣ ሳታባብሉም፣ ክንዱን ወደ ምልክቱ ምሩት፤ ምልክቱን ሲሠራ ስጡት። ምቱ ከባድ ከሆነ ይህን ያለ ባለሙያ አትጀምሩ።

ምልክቱ ሥር ሲሰድ መጠበቅ ይማራል፤ ያለዚያ ቤተሰቡ አይችለውም። ለዚህ ሰዓት አላስፈለገንም። ቡና ራሱ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ኮፍያዋን ሲሰጥ ወዲያው ይወጣ ነበር። ቀጥሎ «ስኒህን ጨርስ፣ እንወጣለን» ተባለ። ከዚያ አቦል እስኪያልቅ። ዛሬ እስከ ቶና ይጠብቃል፤ ኮፍያዋን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። በረካ ድረስ አልገፋነውም፤ አያስፈልግምም።

ለሚመጣው ሰው ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩ። «ኮፍያውን ከሰጠህ ይዘኸው ውጣ» ማለት አያሳፍርም። ጸበልም ይወሰድ፣ ዱዓም ይደረግለት፤ እኛም አስደርገንለታል። እዚያ ለሚቀበሉት ሰዎች ምልክቱን አስረዱ፣ እንዳይታሰርም ለምኑ። የታሰረ እጅ አይመታም፤ አይናገርምም። መድኃኒትም ቢሆን ሐኪም ካዘዘ ቦታ አለው። ሪስፔሪዶን ቁጣንና ራስን መጉዳትን ሊያበርድ ይችላል፤ እንቅልፍና ውፍረት ያመጣል፤ በራሳችሁ ፈቃድ በድንገት አታቋርጡት። ሆኖም ክኒን «ልውጣ» ማለትን አያስተምርም።

እናንተ ቤትስ?

ሥዕል የማይለይ ከሆነ ዕቃ። ሥዕል የሚለይና ሁለት አስታማሚ ያለው ከሆነ ሥዕል። ከቤት ብዙ የሚወጣ፣ እጁም የሚታዘዝለት ከሆነ የእጅ ምልክት። አስታማሚዋ ሌላ ክፍል የምትውል ከሆነ፣ ከተገኘ ቁልፍ። ማንበብ የጀመረ ወይም ከሥዕሉ ያለፈ ከሆነ ስልክ። አንድ ሁለት ቃል የሚወጣው ሰው ደግሞ ካላችሁ «ው» ቢላችሁም «ልውጣ» እንዳለ ቆጥራችሁ ተነሱ፤ አጠራሩን ለማረም ሌላ ቀን አለ።

ዕቃ የምትመርጡ ከሆነ ሁለተኛውን ዛሬውኑ ግዙ። የወንድሜ ኮፍያ አልቃ አዲስ ስንሰቅል ቀለሟ ትንሽ ነጣ ያለ ነበር። ሦስት ቀን አልነካትም፤ በሦስቱም ቀን መታ። አሮጌዋን ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ አውጥተን ከአዲሷ ጋር አንድ ላይ ሰፋናት። አሁን እሷን ነው የሚያነሳው።